++ሀ + ++ሀ ስንት ነው?

አንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ የመጣች አንዲት ጥያቄ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ሁለት መስመር ብቻ ነበረች።

ሀ = 5;
ለ = ++ሀ + ++ሀ;

«ለ ስንት ይሆናል?» ይላል ጥያቄው። እኔ 13 ብዬ ጻፍኩ፤ ጓደኛዬ 14 አለ። ውጤት ሲለጠፍ እሱ አግኝቷል፣ እኔ አጥቻለሁ። ቢሮ ድረስ ሄጄ «መምህር፣ ላፕቶፔ ላይ ስሞክረው እኮ 13 ነው ያመጣልኝ» ብላቸው፣ «እስቲ ላፕቶፕህን ቫይረስ አስፈትሽ» ብለው ሸኙኝ። ቫይረስ አልነበረበትም። እኔ የተጠቀምኩት ክላንግ የሚባለውን ኮምፓይለር (የጻፍነውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ጂሲሲን። ዛሬም ያቺን መስመር ለሁለቱ ብትሰጧቸው ጂሲሲ 14፣ ክላንግ 13 ማለታቸው የተለመደ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ተሳሳተ? አንዳቸውም። የተሳሳተችው ጥያቄዋ ናት። በሲ ቋንቋ ሕግ ያቺ መስመር መልስ የላትም።

ፕሮግራም ጽፎ ለማያውቅ አንባቢ ምልክቷን ላስረዳ። ++ሀ ማለት «ሀ ላይ አንድ ጨምርና አዲሱን ቁጥር ስጠኝ» ማለት ነው። ምልክቱ ከኋላ ሲመጣ፣ ማለትም ሀ++ ሲባል፣ «የድሮውን ቁጥር ስጠኝ፤ ሀ ላይ ግን አንድ ጨምርበት» ይሆናል። ስለዚህ ክላንግ ከግራ ጀምሮ ሀን 6 አደረገና 6ን ያዘ፤ ቀጥሎ 7 አደረገና 7ን ያዘ፤ ደመረ፣ 13። ጂሲሲ ግን መጀመሪያ ሁለቱንም ጭማሪ ጨረሰ። ሀ 7 ሆነ። ከዚያ 7ን ከ7 ጋር ደመረ፣ 14። ሁለቱም የታዘዙትን ፈጽመዋል፤ «በዚህ ቅደም ተከተል» ያላቸው ሰው ግን የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሳው ክርክር አለ። «ቅደም ተከተልማ አለ እንጂ! ማባዛት ከመደመር ይቀድማል፣ ቅንፍ ውስጥ ያለው ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል፤ ስድስተኛ ክፍል የተማርነው ነው።» እውነት ነው፣ ተምረነዋል። ግን ያ ሕግ የሚነግረን ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር ነው። 2 + 3 * 4 ሲባል 3 የሚጣመረው ከ4 ጋር ነው፤ ስለዚህ 14 እንጂ 20 አይሆንም። 2ን መጀመሪያ ከየት እንደምናመጣት ግን ሕጉ ምንም አይልም። ቁጥሮቹ ወረቀት ላይ ተጽፈው ሲቀመጡ ይህ ለውጥ አያመጣም። እያንዳንዱ ቁጥር ሥራ ተሠርቶ የሚመጣ ሲሆን ነው ጣጣው።

ሁለት ልጆች ሱቅ ብትልኩ፣ አንዱን ስኳር፣ አንዱን ሻይ ቅጠል፣ ማን ቀድሞ ቢመለስ ግድ አይሰጣችሁም። ሻዩ የሚፈላው ሁለቱም ሲመጡ ነው። አሁን ግን ሁለቱንም እንዲህ ብላችሁ እዘዟቸው፦ «መሳቢያው ውስጥ ባለው ደብተር የመጨረሻውን ቁጥር አንብብ፣ አንድ ጨምርበት፣ ያገኘኸውን ይዘህ ና።» አንዱ ጽፎ ሳይጨርስ ሌላው ቢያነብስ? ሁለቱም ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ቢያነቡስ? ደብተሩ አንድ፣ እጆቹ ሁለት ናቸው። ማን ይቅደም የሚለውን ካልተናገራችሁ የሚመጣላችሁን መቀበል ነው።

ያ በደብተሩ ላይ የሚደረገው ጽሕፈት በፕሮግራመሮች ቋንቋ ሳይድ ኢፌክት ይባላል። የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት እንደምንለው መሆኑ ነው፤ እዚህ ግን ጉዳት ላይሆን ይችላል። አንድ ኤክስፕሬሽን ቁጥር ከመስጠቱ ጎን ለጎን ሌላ ነገር ከለወጠ፣ ቫሪያብል ቢሆን፣ ፋይል ቢሆን፣ ስክሪን ላይ ያለ ጽሑፍ ቢሆን፣ ሳይድ ኢፌክት አለው ይባላል። የቅደም ተከተል ችግር የሚወለደው ከዚህ ነው።

የሲ ቋንቋ ሠሪዎች ታዲያ ስለ ተራው ለምን ዝም አሉ? «ከግራ ወደ ቀኝ» ብሎ መደንገግ አንድ ዓረፍተ ነገር አይፈጅም ነበር። ሲን ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ ኒው ጀርዚ በሚገኘው ቤል ላብስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ከፊቱ የነበረው ማሽን ፒዲፒ-11 ነበር። ሜሞሪው ጥቂት ነው፤ ማሽኑ ስሌት የሚሠራባቸው ሬጅስተር የሚባሉ የእጅ ላይ መያዣዎችም ጣት ላይ ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸው። መያዣ ሲያንስ ደግሞ የሥራ ተራ ዋጋ አለው።

ሁለት ድስት ብቻ ያላትን ወጥ ሠሪ አስቡ። ሁለት ነገር አዘጋጅታ መጨረሻ ላይ ልትቀላቅል ነው። አንደኛው ቀላል ነው፣ አንድ ድስት ይበቃዋል። ሁለተኛው ከባድ ነው፣ እስኪያልቅ ሁለት ድስት ይፈልጋል፣ ካለቀ በኋላ ግን አንዱ ውስጥ ይጠቃለላል። ቀላሉን ካስቀደመች አንዱ ድስት ተያዘ፤ ለከባዱ የቀራት አንድ ብቻ ስለሆነ ከጎረቤት መበደር አለባት። ከባዱን ካስቀደመች ግን በሁለቱ ሠርታ አንዱ ውስጥ ትጠቀልለዋለች፤ በተረፈው ቀላሉን ትሠራለች። ብድር የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። ራቪ ሴቲና ጄፍሪ ኡልማን በ1970 ያሳተሙት ዝነኛ ስልት ይህንኑ በሒሳብ ያሳየ ነው፦ ከኤክስፕሬሽኑ ሁለት ክንፎች ብዙ ሬጅስተር የሚፈልገውን አስቀድሞ ማስላት ያተርፋል። ከባዱ ክንፍ አንዳንዴ በግራ፣ አንዳንዴ በቀኝ ይሆናል። «ሁልጊዜ ከግራ» የሚል ሕግ ቢኖር ኖሮ ኮምፓይለሩ ይህን ትርፍ ይነጠቅ ነበር። ስለዚህ ምርጫው ለኮምፓይለሩ ተተወ፤ ኃላፊነቱ ደግሞ ለጻፈው ሰው።

በበኩሌ ያን ጊዜ ፍርዱ ልክ ነበር እላለሁ። ዛሬም ልክ ነው ወይ ብትሉኝ እጠራጠራለሁ። ጃቫ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲመጣ ከግራ ወደ ቀኝ ብሎ ደነገገና ገላገለን፤ የፈተናዬ ጥያቄ በጃቫ ብትሆን መልሷ ያለ ክርክር 13 ነው። ሲሻርፕም ጃቫስክሪፕትም ያንኑ መንገድ ተከተሉ። የሲ ታናሽ ወንድም ሲፕላስፕላስ እንኳ በ2017ቱ ስታንዳርዱ (ይፋዊ ደንቡ) መንገዱን በከፊል አስተካክሏል፤ በእኩል ይሆናል ምልክት ላይ የቀኙ ከግራው እንዲቀድም አድርጓል። ++ሀ + ++ሀ ግን እዚያም እስከ ዛሬ መልስ የላትም። ሲ ራሱ አቋሙን አልለወጠም። ሪቺና ብራያን ከርኒሃን የጻፉት የቋንቋው መጽሐፍ በ1978 ከወጣ ጀምሮ በስሌት ተራ የሚመካ ፕሮግራም እንዳንጽፍ ያስጠነቅቃል። አንብቦ የሚሰማ ጠፋ እንጂ።

አሁን ወደ ሕጉ ቋንቋ እንግባ፤ ሲ ዝም ያለባቸው ነገሮች ሁሉ እኩል አደገኛ አይደሉም። ልዩነቱን የማያውቅ ሰው ወይ ከልክ በላይ ይፈራል፣ ወይ ከልክ በላይ ይደፍራል።

አንደኛው ዓይነት ያልተወሰነ የሚባለው ነው። ስታንዳርዱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መንገድ ይፈቅዳል፤ ኮምፓይለሩ ከእነዚያ አንዱን ይመርጣል፤ የቱን እንደመረጠ የመንገር ግዴታ ግን የለበትም። አንድ የጋራ ቫሪያብል አለ እንበል፣ ስሙ ሂሳብ፣ ውስጡ 100 ብር። አስገባ() የሚባለው ፈንክሽን 50 ብር ይጨምርበታል፤ ወለድ() የሚባለው 10 በመቶ ያሳድገዋል። ሁለቱም አዲሱን ሂሳብ ይመልሳሉ። አንድ ሰው እንዲህ ጻፈ፦

ድምር = አስገባ() + ወለድ();

አስገባ ከቀደመ ሂሳቡ 150፣ ከዚያ 165 ይሆናል። ወለድ ከቀደመ 110፣ ከዚያ 160። የባንክ ሶፍትዌር ቢሆን ደንበኛው 5 ብር አጣ ወይም አተረፈ ማለት ነው። ደጉ ነገር፣ የሁለት ፈንክሽኖች ሥራ እርስ በርሱ አይደባለቅም። አንዱ ጀምሮ እስኪጨርስ ሌላው ደጅ ይጠብቃል። ስለዚህ ውጤቱ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ሦስተኛ የለም።

ይህ ዓይነቱ በተግባር ብዙ ሰው የሚያቆስለው ፋይል ሲነበብ ነው። አንድ ቁጥር ፋይል ውስጥ በሁለት ባይት ተቀምጧል፣ ትልቁ ባይት ቀድሞ። አንብብ() በተጠራ ቁጥር አንድ ባይት ወስዶ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል።

ዋጋ = አንብብ() * 256 + አንብብ();

ሲታይ ምንም እንከን የለውም። ባይቶቹ 1 እና 44 ከሆኑ 256 ሲደመር 44፣ 300 ይመጣል። ኮምፓይለሩ የቀኙን አንብብ ቀድሞ ከጠራ ግን ያው ፋይል 11265 ይላል። ማባዛቱ ከመደመሩ መቅደሙ አልተጓደለም፤ ማን ቀድሞ ፋይሉን እንደነካ ብቻ ነው የተለወጠው። የሚያናድደው፣ ይህ ኮድ በአንድ ማሽን ላይ ለዓመታት እየሠራ ቆይቶ ኮምፓይለር የተቀየረ ቀን ይበላሻል። ያን ቀን ሁሉም አዲሱን ኮምፓይለር ነው የሚረግመው።

ሁለተኛው ዓይነት ያልተደነገገ ባሕርይ ይባላል፤ እንግሊዝኛ ለለመደ ጆሮ አንዲፋይንድ ቢሄቪየር። እዚህ ላይ ስታንዳርዱ ምርጫ አይዘረዝርም፤ ጭራሹን እጁን ያነሳል። ፕሮግራሙ 13 ሊል ይችላል፣ 14 ሊል ይችላል፣ 0 ሊል ይችላል፣ መሐል ላይ ሊቆም ይችላል። የሲ ሰዎች «አጋንንት ከአፍንጫህ ቢወጡም ሕጉ አልተጣሰም» ብለው ይቀልዳሉ። ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ። ዘመናዊ ኮምፓይለር ኮዱን ሲያፋጥን «ይህ ፕሮግራመር ያልተደነገገ ነገር አይጽፍም» ብሎ አምኖ ይነሳል፤ በዚያ እምነት ላይ ሌሎች መስመሮችን ይሰርዛል፣ ያዛውራል። ስሕተቱ ከተጻፈበት ቦታ ርቆ ሌላ ጋ ብቅ ሊል የሚችለው ለዚህ ነው። የፈተናዬ ጥያቄ የምትወድቀው ከዚህ ክፍል ነው።

ድንበሩን ለማወቅ አንድ ቃል ያስፈልገናል። በድሮው አጠራር ሲኩዌንስ ፖይንት ነው፤ እኔ ማረፊያ ነጥብ ልበለው። ማረፊያ ነጥብ ላይ ሲደረስ ከዚያ በፊት የታዘዘው ለውጥ ሁሉ ተፈጽሞ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የታዘዘው ገና አልተጀመረም። ሕጉም ይኸውላችሁ፦ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ቀጣዩ ድረስ አንድን ቫሪያብል ከአንድ ጊዜ በላይ አትለውጥ፤ ከለወጥከውም የድሮ ዋጋውን የምታነበው አዲሱን ለማስላት ብቻ ይሁን። የ2011ዱ ስታንዳርድ ወደ ቋንቋው ትሬዶችን (ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎችን) ሲያስገባ አገላለጹን ለውጦ «ከዚህ በፊት የተደረደረ»፣ «ያልተደረደረ» በሚሉ ዝምድናዎች ጻፈው። ለዕለት ሥራ ግን የድሮው ቃል ይበቃል።

በዚህ ሚዛን ብትመዝኗቸው መስመሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ሀ = ሀ + 1; ንጹሕ ነው፤ ሀ አንዴ ተለወጠ፣ የተነበበውም ለዚያው ለውጥ ነው። ሀ = ሀ++; ሁለት ጊዜ ይለውጣል፤ ወደቀ። ሠንጠረዥ[ሀ] = ሀ++; ሀን አንዴ ብቻ ይለውጣል፣ ግን የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚጻፍ ለማወቅም ያነበዋል፤ በድሮው ሀ ነው ወይስ በአዲሱ? ወደቀ። ሦስተኛ ቫሪያብል ሳያስፈልግ ሁለት ቁጥሮችን የሚያቀያይር ተብሎ የሚደነቀው ሀ ^= ለ ^= ሀ ^= ለ; ሀን ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ እሱም ወደቀ። እሱን የሚያውቅ ሰው ራሱን ሊቅ አድርጎ ሲያይ አጋጥሞኛል።

ማረፊያዎቹ የት ናቸው? ዋናው የመስመሩ መጨረሻ ነው፣ ሴሚኮሎኑ። «እና» የሚለው && እና «ወይም» የሚለው || ደግሞ ግራቸውን ጨርሰው ነው ወደ ቀኝ የሚሄዱት፤ እንዲያውም የግራው መልስ ከበቃ ቀኙን ጭራሽ አይነኩትም። ስለዚህ «ፋይሉ ተከፍቷል && አንብብ()» ብሎ መጻፍ አስተማማኝ ነው። የጥያቄ ምልክት ያለው ምርጫ፣ ? እና :፣ መጀመሪያ ጥያቄውን ይጨርሳል። ወደ ፈንክሽን ከመገባቱ በፊትም የሚላኩለት ዋጋዎች ሁሉ ተሰልተው ያልቃሉ።

የመጨረሻው ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ዋጋዎቹ ፈንክሽኑ ከመጀመሩ በፊት ያልቃሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን ተራ የላቸውም። ጻፍ(ሀ++, ሀ++) ብትሉ መካከላቸው ያለችው ኮማ መለያ ናት እንጂ ማረፊያ አይደለችም። ሲ ማረፊያ የሆነች ኮማም አለችው፤ መልኳ አንድ ነው፣ ሥራዋ ግን ሌላ። ስክሪን ላይ የሚጽፈው ፕሪንትኤፍ የተባለ ፈንክሽን ውስጥ ሁለት ++ ከትቶ ውጤቱ ለምን ከቀኝ ወደ ግራ እንደመጣ የሚገረም ተማሪ ሁልጊዜ አለ። በተለመዱት የኢንቴል ማሽኖች ላይ ጂሲሲ ብዙ ጊዜ የፈንክሽን ዋጋዎችን ከቀኝ ይጀምራል፤ ክላንግ ከግራ። ሁለቱም መብታቸው ነው።

ዓይን የማያየው ወጥመድም አለ። ማክሮ የሚባለው የሲ መሣሪያ ኮምፓይል ከመደረጉ በፊት ጽሑፍን በጽሑፍ ይተካል። አንድ ሰው ካሬ(ሀ) የሚል ማክሮ ሠርቶ ትርጉሙን ((ሀ) * (ሀ)) አደረገ እንበል። ሌላ ሰው በቅን ልቦና ካሬ(ቁጥር++) ብሎ ይጠራዋል። ኮምፓይለሩ ፊት የሚደርሰው ግን ((ቁጥር++) * (ቁጥር++)) ነው። የጻፈው ሰው አንድ ++ ነው የጻፈው፤ የተያዘው ግን በሁለት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ማክሮውን ትቶ ካሬን እውነተኛ ፈንክሽን ማድረግ ነው፤ ፈንክሽን ዋጋውን አንዴ ብቻ ነው የሚቀበለው።

ፖይንተር፣ ማለትም የሌላ ቦታ አድራሻ የያዘ ቫሪያብል፣ ያለበት ኮድ ከዚህ ይብሳል። *ሀ = (*ለ)++; ሀ እና ለ የተለያየ ቦታ እስከጠቆሙ ድረስ ደህና ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ የጠቆሙ ዕለት ያልተደነገገ ይሆናል። መስመሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከውጭ የመጣው አድራሻ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ እዚህ የጻፍኳቸው የፊደል ስሞች ለንባብ ብቻ የተፈጠሩ እንዳይመስላችሁ። ከ2011ዱ ስታንዳርድ ወዲህ ሲ የግዕዝ ፊደልን በቫሪያብል ስም ውስጥ ይቀበላል፤ ጂሲሲም በ2020 ከወጣው 10ኛ እትሙ ጀምሮ ፊደሉን እንዳለ ያነባል። ሀ = 5; ብላችሁ ሞክሩት።)

ከችግሩ መውጫው ብዙ ብልሃት አይጠይቅም፤ መስመሩን መክፈል ብቻ ነው። ፋይል የሚያነበው ኮድ እንዲህ ይጻፍ፦

ትልቁ = አንብብ();
ትንሹ = አንብብ();
ዋጋ = ትልቁ * 256 + ትንሹ;

ሂሳቡም እንዲሁ፦ መጀመሪያ አስገባ በራሱ መስመር፣ ቀጥሎ ወለድ በራሱ መስመር፣ መጨረሻ ላይ መደመር። «ቫሪያብል በዛ፣ ፕሮግራሙ ይዘገያል» የሚል ሰው አይጠፋም። አይዘገይም። ትልቁ እና ትንሹ የሚሉት ስሞች ለእኛ ናቸው፤ ኮምፓይለሩ ኮዱን ሲያሻሽል እንደ ስም አያያቸውም፤ ዋጋቸውን እንደማንኛውም መሐል ላይ እንደተገኘ ቁጥር ሬጅስተር ውስጥ ይዞ ያልፋል። በአንድ መስመር ማጨቅ ፍጥነት ሳይሆን የፊደል ቁጠባ ነው።

የሕይወት ጉዳይ ያለባቸው ቦታዎች ይህን በፈቃድ አልተዉትም። ለመኪና ሶፍትዌር ተብሎ በ1998 የወጣው ሚስራ ሲ የሚባል የአጻጻፍ ደንብ አለ። የ2012 እትሙ ደንብ 13.2 ላይ፣ የአንድ ኤክስፕሬሽን ውጤት በየትኛውም የተፈቀደ ተራ ቢሰላ አንድ ዓይነት መሆን አለበት ይላል። ፍሬን የሚይዘው ኮድ በ13 እና በ14 መካከል እንዲያመነታ የሚፈልግ የለም።

ኮምፓይለሩም ቢጠየቅ ይናገራል። ክላንግ ++ሀ + ++ሀን ሲያይ ሳይጠየቅም ያስጠነቅቃል። ጂሲሲ ዎል የሚባለው አማራጭ ሲበራለት ብቻ ነው በሀ ላይ የሚደረገው ነገር ያልተደነገገ ሊሆን እንደሚችል የሚናገረው። አማራጩን አብሩት፤ ማስጠንቀቂያን ወደ ስሕተት የሚቀይረውን ዌረርንም ጨምሩበት፤ ያኔ ማንም አይቶ እንዳላየ አያልፍም። ይህ ማለት ግን ዝም ካለ ሰላም ነው ማለት አይደለም። በፖይንተር የተሸፈነውን አያይም፣ ሁለት ፈንክሽኖች ውስጥ ለውስጥ አንድ ሂሳብ ሲነኩም አይናገርም። ለዚያ የሚረዳው ያንኑ ፕሮግራም በጂሲሲም በክላንግም ኮምፓይል አድርጎ ውጤቱን ማስተያየት ነው። ከተለያዩ አንድ ቦታ ላይ ተራ ሳትናገሩ ቀርታችኋል። ከተስማሙም ገና ምስክር እንጂ ዳኛ አላገኛችሁም።

የእኔዋን የፈተና ጥያቄ መምህሩ በሁለት መንገድ ሊያወጧት ይችሉ ነበር። የመጀመሪያው ይህ ነው፦

++ሀ;
ለ = ሀ;
++ሀ;
ለ = ለ + ሀ;

ሁለተኛው ደግሞ ይህ፦

++ሀ;
++ሀ;
ለ = ሀ + ሀ;

የላይኛው በየትኛውም ኮምፓይለር 13 ነው፣ የታችኛው 14። የታችኛው ተጽፎ ቢሆን 14 ብዬ እጽፍ ነበር፤ ላፕቶፔም ከቫይረስ ክስ ነጻ ይወጣ ነበር።